ከሮኬት የእሳት ጅራት የሚወጣውን የማይታይ ጨረር ስለ መለካት

በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በደብረ ማርቆስ ከተማ የተደረገ ንግግር




የስብሰባው አዘጋጆች ስለ ልኬት እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ የአርእስቱን ምርጫ ለእኔ ተውልኝ። እኔም ብዙ ካሰብሁ በኋላ ከእኛ እጅግ የራቀ የሚመስለውን መረጥሁ፤ ይኸውም በጠጣር ነዳጅ የሚሠራ ሮኬት ወደ ኋላው ከሚተፋው የእሳትና የጭስ ጅራት የሚወጣውን ታሕተ ቀይ ወይም ኢንፍራሬድ የተባለውን ጨረር ስለ መለካት ነው። ጤፍና ስንዴ በሚታጨድበት በጎጃም ደጋ ላይ ቆሞ ስለ ሮኬት ጅራት መናገር ምን የሚሉት ነው የሚል ከመካከላችሁ ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን አንድ ባለሙያ መሣሪያው የሚነግረውን ቁጥር መቼ ማመን፣ መቼስ መጠራጠር እንደሚገባው ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም። ይህንንም የተማርሁት ከመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከራሴ ስሕተት ነው። ስሕተቴን በቦታው እናገራለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ጨረሩ ምንነት ጥቂት ልበል። በምድጃ ዳር የተቀመጠ ሰው፣ ነፋሱ ጭሱንና ትኩሱን አየር ወደ ሌላ ወገን ቢወስደውም፣ ፊቱን ይሞቀዋል። በእርሱና በእሳቱ መካከል ሌላ ሰው ቢቆም ግን ሙቀቱ በቅጽበት ይቋረጥበታል። እንግዲህ ይህ ሙቀት አየር ተሸክሞት የመጣ አለመሆኑን፣ ይልቁንም እንደ ብርሃን በቀጥታ የሚጓዝና እንደ ብርሃንም በጥላ የሚከለል መሆኑን የገጠር ልጅ ሁሉ ሳይማር ያውቀዋል። በሳይንስ መንገድ ነገሩን የገለጠው ዊልያም ሄርሸል ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር ሲያኖር፣ ከቀዩ ቀለም ወዲያ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ስፍራ፣ ቴርሞሜትሩ ይበልጥ ከፍ ሲል አገኘው። ከቀይ በታች ያለ ጨረር ስለሆነም ታሕተ ቀይ ተባለ።

ሙቀት ያለው አካል ሁሉ ይህን ጨረር ይለቃል። እየጋለ በሄደ መጠን ጨረሩ ይበዛል፤ የሞገዱም ርዝመት ያጥራል። በኬልቪን የተቆጠረው መጠነ ሙቀት በእጥፍ ቢያድግ የጨረሩ ብዛት 16 እጥፍ ይሆናል። ጨረሩ የሚበረታበትን የሞገድ ርዝመት ለማወቅ ደግሞ 2,898 የተባለውን ቁጥር ለዚያው መጠነ ሙቀት ማካፈል ነው፤ መልሱ በማይክሮን፣ ማለትም በሚሊሜትር አንድ ሺኛ፣ ይገኛል። የሰው ገላ 310 ኬልቪን ገደማ ስለሆነ ጨረሩ የሚበረታው በ9.3 ማይክሮን ነው። 500 ኬልቪን የደረሰ ምጣድ በ5.8፣ 2,000 ኬልቪን የደረሰ ፍም መሰል ነገር ደግሞ በ1.45 ማይክሮን ላይ ይበረታል። ሕጉ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ፣ መሣሪያ ደግኖ ጨረሩን መቍጠርና የእሳቱን ግለት ማወቅ የማያስቸግር ይመስላል። ችግሩ የሚጀምረው ግን እዚህ ላይ ነው።

በእኔ አስተሳሰብ የታሕተ ቀይ ልኬት ሦስት ምስክሮች አሉት። አንደኛው ጨረሩን የሚለቀው ምንጭ ነው። ሁለተኛው ጨረሩ የሚያልፍበት መንገድ ነው። ሦስተኛው ጨረሩን የሚቀበለው የመሣሪያው ዓይን ነው። ዳኛ ሦስቱንም ሳይሰማ ፍርድ እንዳይሰጥ ሁሉ፣ እኛም ሦስቱን ሳንመረምር ቁጥሩን ልንቀበል አይገባንም። ሦስቱን በየተራ እንያቸው።

ከምንጩ ልነሣ። ጠጣር ነዳጅ የሚባለው የሚቃጠለው ነገርና የሚያቃጥለው ኦክሲጅን በአንድነት ተቦክተው እንደ ጎማ የረጉበት ነው። ለምሳሌ ከ1973 እስከ 2003 ዓ.ም. ሲበሩ የነበሩት የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩሮች በግራና በቀኝ ሁለት የጠጣር ነዳጅ ሮኬቶች ነበሯቸው። እያንዳንዱ ሮኬት ወደ 500 ቶን የሚጠጋ ነዳጅ ተሸክሞ በ2 ደቂቃ ገደማ ያቃጥለው ነበር። ከነዳጁ ክብደት 70 በመቶ ያህሉ አሞኒየም ፐርክሎሬት የተባለው ኦክሲጅን ሰጪ ጨው፣ 16 በመቶው የአልሙኒየም ዱቄት ሲሆን፣ የቀረው በአመዛኙ ሁለቱን የሚያያይዘው ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። በሮኬቱ ሆድ ውስጥ የሚፈጠረው ግለት ከ3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል።

ከዚያ የሚወጣው ጅራት አንድ ወጥ ነገር አይደለም። በውስጡ የውሃ ተን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሃይድሮጂንና ሃይድሮጂን ክሎራይድ አሉበት። አልሙኒየሙም ተቃጥሎ የአልሙኒየም ኦክሳይድ ብናኝ ሆኖ ይወጣል። ጋዞቹ እንደ በገና አውታር ናቸው፤ እያንዳንዱ በተቃኘበት ድምፅ ብቻ ይናገራል። የውሃ ተን በ2.7 ማይክሮን አካባቢ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ2.7ና በ4.3፣ ሃይድሮጂን ክሎራይድ በ3.5፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ በ4.7 አካባቢ ጨረር ይለቃሉ። ብናኙ ግን እንደ ፍም በሁሉም የሞገድ ርዝመት ያበራል። ስለዚህ መሣሪያው የሚያየው የጋዞቹን ዜማና የብናኙን ሁካታ በአንድነት ነው።

በዚህም ላይ ሌላ ውስብስብ ነገር ይጨመራል። ሳይቃጠሉ የወጡት ሃይድሮጂንና ካርቦን ሞኖክሳይድ በውጭው አየር ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ሲያገኙ ከሮኬቱ ውጭ ዳግመኛ ይነዳሉ። ሮኬቱ ከፍ እያለ አየሩም እየሳሳ ሲሄድ ይህ ዳግመኛ መንደድ ይከስማል፤ ጅራቱም በሰፊው ይበተናል። እንግዲህ በምድር ላይ ታስሮ የተለካ ሮኬትና በሰማይ ላይ ያለው ያው ሮኬት በጨረራቸው አንድ አይደሉም።

በእኛ አገር "እሳት ካየው ምን ለየው" ይባላል። በታሕተ ቀይ ልኬት ግን እሳት ያየው ሁሉ አንድ አይሆንም። ሁለት አካላት በእኩል ቢግሉም የሚለቁት ጨረር እኩል ላይሆን ይችላል፤ እያንዳንዱ ነገር የራሱ የሆነ ጨረር የመልቀቅ ችሎታ አለውና። ከጭቃ የተሠራው አክንባሎ ሊለቅ ከሚችለው ጨረር 90 በመቶ ያህሉን ይለቃል። የተወለወለ አልሙኒየም ግን 5 በመቶ ያህል እንኳ ለመልቀቅ ይቸገራል። አንድ የሚያብለጨልጭ የአልሙኒየም ክዳን ወስዳችሁ ግማሹን በጥላሸት ቀቡት፤ በምጣድ ላይ ጥዳችሁም በእጅ በሚያዝ የኢንፍራሬድ መለኪያ ሁለቱን ወገን ለኩ። ክዳኑ አንድ፣ ግለቱም አንድ ሆኖ ሳለ መሣሪያው ጥላሸት የተቀባውን ግሉ፣ የሚያብለጨልጨውን ቀዝቃዛ ይላችኋል። በመሣሪያው ቃል ተማምኖ በሚያብለጨልጨው ወገን ላይ እጁን የሚያሳርፍ ግን ወዮለት። የሮኬቱ ብናኝም እንዲሁ ነው። ንጹሕ አልሙኒየም ኦክሳይድ ሰንፔር የተባለው ዕንቍ የሚሠራበት ነገር በመሆኑ ታሕተ ቀዩን በከፊል እንደ መስኮት ያሳልፈዋል። ብናኙ ምን ያህል ጨረር እንደሚለቅ የሚወሰነው በግለቱ፣ በእንክብሉ ስፋትና በውስጡ በተቀላቀለው እድፍ ነው። ይህን ሳያውቅ ግለቱን የሚያሰላ ሰው ጥላሸቱንና ብልጭታውን ሳይለይ ክዳኑን እንደለካው ሰው ነው።

ሁለተኛው ምስክር መንገዱ ነው። በምንጩና በመሣሪያው መካከል ያለው አየር ለዓይናችን ጥርት ያለ ቢመስልም ለታሕተ ቀይ ጨረር ግን በየስፍራው በር የተዘጋበት አጥር ነው። አየሩ ራሱ የውሃ ተንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስላለው፣ ሮኬቱ በእነዚህ ጋዞች አማካይነት የለቀቀውን ጨረር መልሶ ይውጠዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ4.3 ማይክሮን አካባቢ የሚለቀውን ብናይ፣ በጅራቱ ውስጥ ያለው ጋዝ እጅግ የጋለ ስለሆነ ጨረሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሰፍቶ ይወጣል። በመንገድ ያለው ቀዝቃዛ ጋዝ ደግሞ የመካከሉን ይውጥና ዳርና ዳሩን ይተዋል። በመሣሪያው ወረቀት ላይም አንድ ኮረብታ ሊታይ ሲገባው ሁለት ቀንድ ብቻ ይታያል። ይህን የማያውቅ ተመልካች ሮኬቱ ሁለት ዓይነት እሳት ያለው ይመስለዋል።

የአየሩ ውፍረት እንደ ስፍራው ከፍታ መለያየቱን ለማስረዳት ከአገራችን የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ከደጀን ቍልቍል ወርደን የዓባይ ድልድይ ስንደርስ 1,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ እንገኛለን። እዚህ ደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ያህል ከፍ ስላልን የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በጮቄ ራስ ላይ ደግሞ ወደ 60 በመቶ ዝቅ ይላል። የዓለም አየር ከሚይዘው የውሃ ተን ግማሽ ያህሉ ከባሕር ወለል እስከ 2 ኪሎ ሜትር ባለው የታችኛው ክፍል የተከማቸ ነው። አንዱ ሰው ከዓባይ በረሓ፣ ሌላው ከጮቄ ራስ ሆነው በአንድ ዓይነት መሣሪያ ያንኑ የሰማይ እሳት ቢለኩ የሚያገኙት ቁጥር ይለያያል። ሁለቱም አልዋሹም፤ መንገዳቸው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ የአየሩን ግፊት፣ እርጥበትና ርቀቱን ያልጻፈ ለኪ የጻፈው ግማሹን ብቻ ነው።

ለአንዱ እንቅፋት የሆነው ለሌላው መሰላል መሆኑንም ልብ ማለት ያሻል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ሮኬት ሲተኮስ ከሰማይ ሆነው የሚያዩ ሳተላይቶችን ሲያመጥቁ፣ ዓይናቸውን የቃኙት አየር በሚዘጋበት በ2.7 ማይክሮን አካባቢ ነበር። በዚያ የሞገድ ርዝመት የታችኛው አየር የምድሩን ነጸብራቅ ስለሚከልለው ምድር ጨለማ ትመስላለች። ሮኬቱ ከወፍራሙ አየር በላይ ብቅ ሲል ግን በጨለማ ቤት እንደ በራ ኩራዝ ይታያል። በ1983 ዓ.ም. በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ጊዜ የስከድ ሚሳይሎች ሲተኮሱ የታዩት በእነዚህ ሳተላይቶች ነው።

የደን ቃጠሎ የሚመለከቱ ሳተላይቶች ደግሞ ተቃራኒውን አደረጉ። በ1992 እና በ1994 ዓ.ም. የመጠቁት ቴራና አኳ እሳትን የፈለጉት አየሩ በር በሚከፍትበት በ4 ማይክሮን አካባቢ ነው። በ2011 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች እንደ ተነሣው ያለ የገሃድ ቃጠሎ ለእንዲህ ዓይነት ዓይን ይታያል። በአዊ፣ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው የዲከረንስ ግራር እንጨቱን ከምሮ፣ በአፈር ሸፍኖ ከሰል ሲያከስል ግን ውስጡ በመቶ የሚቈጠር ዲግሪ እየጋለ፣ ከላይ የሚታየው የአፈሩ ገጽ ብቻ ነው። መሣሪያው የሚነግረን ያየውን ገጽ እንጂ የተሸፈነውን አይደለም።

ሦስተኛው ምስክር የመሣሪያው ዓይን ነው፤ እጅግ የሚዘነጋውም እርሱ ነው። ዓይኑ ራሱ ሙቀት ስላለው ራሱም ጨረር ይለቃል። የሮኬት ጅራት የሚለኩ ሰዎች እንደ ኢንዲየም አንቲሞናይድ ያለውን ዳሳሽ ዜሮ ሊሆን 196 ዲግሪ በሚቀረው፣ ማለት ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጂን የሚያቀዘቅዙት ስለዚህ ነው። ከመለካታቸው በፊትና በኋላም መሣሪያውን ጥቁር አካል በሚባለው፣ ግለቱ በትክክል በታወቀ ምንጭ ፊት አቁመው ቃሉን ይፈትሻሉ። በእጅ የሚያዙት ርካሽ መሣሪያዎች ግን አይቀዘቅዙም። የራሳቸውን ግለት ገምተው ከንባቡ ላይ ይቀንሳሉ እንጂ። ከሞቀ ቤት ድንገት ወደ ብርድ ሲወጡ ግምታቸው ይዛባል።

ይህ ተራ ነገር የሚመስለው ካለ ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1986) የሆነውን ያስታውስ። በዚያ ብርዳም ማለዳ ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ልትመጥቅ ስትል፣ በረዶ የሚቈጣጠረው ቡድን በእጅ በሚያዝ የኢንፍራሬድ መለኪያ የጠጣር ነዳጅ ሮኬቶቹን ገጽ ለካ። የግራው ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ፣ የቀኙ የታችኛው ክፍል ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ ያህል ሆኖ ተነበበ። ስለ ገጽ መጠነ ሙቀት የተደነገገ የማስወንጨፊያ ደንብ ስላልነበረ ንባቡ ወደ በላይ አካል አልደረሰም። መንኮራኩሯ ተነሣች። በ59ኛው ሰከንድ ላይ ከቀኙ ሮኬት መጋጠሚያ የእሳት ምላስ ታየ። በ73ኛው ሰከንድ መንኮራኩሯ ተበታተነች፤ በውስጧ የነበሩት ሰባት ሰዎችም አለቁ። ከነሱም አንዷ መምህርት ነበረች።

በምርመራው ጊዜ የቀኙ ሮኬት ከግራው ይልቅ ለምን ያን ያህል ቀዘቀዘ የሚለው ብዙ አጠያየቀ። ከመርማሪዎቹ አንዱ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ሪቻርድ ፋይንማን ነገሩን ሲከታተል፣ የመሣሪያው መመሪያ መለኪያው በሚሠራበት አየር ውስጥ ቢያንስ 20 ደቂቃ መቈየት አለበት የሚል ሆኖ አገኘው። ለኪዎቹ ግን ከሞቀ ስፍራ አውጥተው ወዲያው ለክተውበት ነበር። ስሕተቱ ተሰልቶ ሲታረም ንባቡ በሙቀት ስሌት ከተገመተው ጋር ተስማማ። የተሰበረው መጋጠሚያ በመነሻው ጊዜ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ አካባቢ እንደነበረ ተገመተ።

እዚህ ላይ እውነቱን አጥርቼ መናገር ይገባኛል። ሰባቱን ሰዎች የገደላቸው የመለኪያው ስሕተት አይደለም። የመጋጠሚያው የጎማ ቀለበት በብርድ ደርቆ መለጠጥ ስላቃተው ነው። ይህንንም መሐንዲሶች በዋዜማው ተናግረው ነበር፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። እንግዲህ በአንድ ማለዳ ሁለት ጥፋት ተፈጸመ፤ የተሳሳተ ቁጥር ሳይጠየቅ ታለፈ፣ ትክክለኛ ማስጠንቀቂያም ሳይሰማ ታለፈ። ሁለቱም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ቁጥሩ ከየት መጣ ብሎ ካለመጠየቅ።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልምጣ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በኮሮና ወረርሽኝ ተዘግተው የነበሩ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ፣ በአንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሜ የተማሪዎችን ግንባር በኢንፍራሬድ መለኪያ እንድለካ ተመደብሁ። ወሩ ኅዳር ነበር፤ የደጋውን የኅዳር ማለዳ ታውቁታላችሁ፤ ሣሩ ላይ አመዳይ ይተኛል። መለኪያውን እንዳይበርደው ብዬ በካፖርቴ ኪስ አሙቄ አቈየዋለሁ፤ ሰልፉ ሲደርስ አወጣዋለሁ። አንድ ልጅ ጋቢውን ተከናንቦ እየተንቀጠቀጠ መጣ። ከአንድ ሰዓት በላይ በእግሩ ተጉዟል። ግንባሩን ለካሁት፤ 34.6 አለኝ። "ደህና ነህ፣ ግባ ልጄ" አልሁት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ልጁ በጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ጤና ጣቢያ ተወስዶ በብብቱ ሲለካ ከ39 ዲግሪ በላይ ሆነ።

ልጁ ታክሞ ዳነ፤ እኔ ግን ያን ቀን አልረሳውም። ምንጩ፣ ማለት የልጁ ግንባር፣ በመንገዱ ብርድ ቀዝቅዞ ነበር፤ የውስጡን ትኩሳት አይናገርም። ዓይኑ፣ ማለት መለኪያው፣ ከሞቀ ኪስ ወጥቶ ብርድ መትቶታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ዳኛው ነበር። የሰው ገላ ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ ያ ራሱ ብርቱ ሕመም መሆኑን እኔ የፊዚክስ መምህሩ አውቃለሁ፤ በዚያ ማለዳ ግን ከአርባ በላይ ልጆች 34 እያለኝ አሳለፍኋቸው። ቁጥሩ ሰልፉን ስላላቆመብኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የቻሌንጀርን ታሪክ ለብዙ ዓመት በክፍል ውስጥ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ የኔም ኪስ ያው የሞቀው ስፍራ መሆኑን ግን አላስተዋልሁም። ከዚያ በኋላ መለኪያውን ከሰልፉ ግማሽ ሰዓት አስቀድሜ ከበሩ ጥላ ሥር አኖረው ጀመር። ተማሪዎቹም ከብርዱ ገብተው ጥቂት ካረፉ በኋላ እንዲለኩ አደረግን። የሚያሳፍር ቀላል መፍትሔ ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤

ከዚህ ሁሉ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ተማሪዎቻችን በደብተራቸው ቁጥር ብቻ አይጻፉ። ከቁጥሩ ጎን ምንጩ ምን ዓይነት ገጽ እንደነበረው፣ መንገዱ ምን ያህል ርቀትና ምን ዓይነት አየር እንደነበረ፣ መሣሪያው የት ቈይቶ እንደ መጣና በምን እንደ ተፈተሸ ይጻፉ። ለዚህ ፈሳሽ ናይትሮጂን አያስፈልገንም። አንድ ፕሪዝም፣ ሁለት ቴርሞሜትር፣ ጥላሸት የተቀባ የድስት ክዳንና አንድ ብርዳም የደብረ ማርቆስ ማለዳ ይበቃናል። ከእነዚህ ልጆች መካከል አንዱ አንድ ቀን የሮኬት ጅራት የሚለካ ሊሆን ይችላል። ባይሆንም ነርስ፣ መሐንዲስ ወይም የአየር ጠባይ ተመልካች ይሆናል፤ በቁጥሩም ላይ የሌላ ሰው ሕይወት ያርፋል። ያን ጊዜ ሦስቱን ምስክሮች ጠርቶ የሚጠይቅ እንዲሆን ዛሬ እናስተምረው።